ሎሚውን ለልጆች እንስጣቸው

በብዙ መዋዕለ ሕፃናት አምስቱ የስሜት ሕዋሳት የሚሰጡበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና እጅ ትስላለች፤ ወይም የታተመ ሥዕል ትሰቅላለች። የአንዱን አካል ስም ስትጠራ ልጆቹ በዜማ ሥራውን ይመልሳሉ። ከዚያ ደብተር ይወጣል። ዓይን ከማየት፣ ጆሮ ከመስማት፣ አፍንጫ ከማሽተት ጋር በመስመር ይዛመዳል፤ መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ታደርግበታለች፤ ወላጅም ማታ ደብተሩን ገልጦ ደስ ይለዋል። ልጁ ትምህርቱን እንደ ውሃ ጠጥቶታል። ይሁን እንጂ በዚያ ክፍለ ጊዜ አንድም ነገር አላሸተተም፣ አንድም ነገር አልዳሰሰም፣ አንድም ነገር አልቀመሰም።

በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የአራት ዓመቱ ልጅ «አይ ሲ ዊዝ ማይ አይስ» እያለ በማያውቀው ቋንቋ ያወርደዋል። ወላጅ በእንግሊዝኛው ይኮራል፤ ልጁ ግን ስለ ዓይኑም ስለ ጆሮውም ትናንት ከሚያውቀው የተለየ ያወቀው ነገር የለም።

በዚህ ዕድሜ ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል ስለ ስሜት ሕዋሳት የሚሰጠውን ያህል ለተግባር የተመቸ የለም። ዋናውን መሣሪያ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ይዞት መጥቷል። የቀረው ከጓዳና ከጉሊት ይገኛል። ይህን ትምህርት በሽምደዳ ማሳለፍ የልጆችን ጊዜ ማባከን ነው፤ ጉዳቱም በአንድ ርዕስ ላይ አያበቃም። አይቶና ነክቶ ያላረጋገጠውን ሁሉ «ልክ ነው» ብሎ መድገምን ልጁ የሚለማመደው እዚህ ላይ ነውና።

ሕፃን ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ ከብዙ ጊዜ በፊት በስሜት ሕዋሳቱ መማር ጀምሯል። ፅንስ ማህፀን ውስጥ ሳለ በስድስተኛው ወር ገደማ ድምፅ መስማት ይጀምራል። አንቶኒ ዴካስፐርና ዊልያም ፋይፈር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ጨቅላዎች የጡጦ አጠባባቸውን እየቀያየሩ ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን ድምፅ መርጠው ማዳመጥ እንደሚችሉ አሳይተዋል። አራስ የእናቱን ጡት የሚለየው በጠረኑም ነው። መዳህ ሲጀምር ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከተው ደግሞ ከንፈሩና ምላሱ የነገሩን ቅርጽ፣ ልስላሴና ጥንካሬ ስለሚነግሩት ነው። እንዲህ ሲመራመር የቆየን ልጅ እጁን አጣጥፎ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ የጀመረውን መንገድ ማቋረጥ ይሆናል።

ይህን ቀድመው ከተረዱት መካከል ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በጥር 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር «የልጆች ቤት» የሚባለውን ከፈተች። ወላጆቻቸው ሲሠሩ ስለሚውሉ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ያለ ተመልካች ይቀሩ ነበር፤ የሕንጻዎቹ ባለቤቶችም ግድግዳና ደረጃ እንዳያበላሹባቸው ሰው እንዲይዛቸው ፈልገው ነበር። ሞንቴሶሪ ዣን ኢታርና ኤዱዋር ሴጋን የተባሉት ፈረንሳውያን ሐኪሞች መስማት ለተሳናቸውና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ከሠሩት ሥራ ተነስታ የራሷን የመማሪያ ዕቃዎች አዘጋጀች። ከአንድ ሳንቲ ሜትር እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር እያደጉ የሚሄዱ አሥር የእንጨት ኪዩቦች፣ ሲነቀነቁ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጡ ዕቃዎች፣ በማሽተት የሚለዩ ብልቃጦች፣ ዓይን ተሸፍኖ በመዳሰስ የሚዛመዱ የጨርቅ ቁራጮች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ሞንቴሶሪ» የሚለው ስም በብዛት የሚታየው ክፍያቸው ከፍ ባሉ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ነው። መነሻው ግን የድሃ ልጆች ናቸው። ሀሳቡም ዕቃውን ከውጭ ማስመጣት አይጠይቅም፤ አንድን ስሜት ለይቶ፣ ልጁ በገዛ እጁ እየሞከረ፣ የተሳሳተውን ራሱ እንዲያርም ማመቻቸት ነው።

ለኢትዮጵያ ልጆችም ቢሆን ይህ ባዕድ አይደለም። ኩኩሉ የሚጫወት ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ የጓደኞቹ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ በጆሮው ይለያል። ቅልብልቦሽ የምትጫወት ልጅ ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውራ፣ መሬት ያለውን አፍሳ፣ የሚወርደውን ስትቀልብ ዓይኗንና ጣቶቿን በሰከንድ ውስጥ ታቀናጃለች። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር የሚዘል ልጅ ከአምስቱ ውጭ የሆነውን፣ የውስጠኛው ጆሮ የሚቆጣጠረውን ሚዛን የመጠበቅ ስሜት ያሠለጥናል። በቄስ ትምህርት ቤትም ፊደል ሲቆጠር ስንደዶው ፊደሉን እየነካ፣ ዓይን እየተከተለ፣ ድምፅ እየወጣ ነበር። በከተማ የተሠሩት ብዙ መዋዕለ ሕፃናት ግን ሜዳቸው ስለጠበበ ጨዋታውን ወደ ውጭ አስወጥተው ሽምደዳውን ብቻ አስቀርተዋል።

በሽምደዳ የሚሰጥ ትምህርት ስህተትን እንዴት ተሸክሞ እንደሚዘልቅ ለማየት ምላስን መውሰድ ይበቃል። ጣፋጭ በምላስ ጫፍ፣ መራራ በምላስ ሥር፣ ኮምጣጣና ጨዋማ በጎንና በጎን እንደሚታወቅ የሚያሳየው ሥዕል በዓለም ዙሪያ በመማሪያ መጻሕፍት ሲታተም ኖሯል። በኢትዮጵያም ይህን ተምሮ በፈተና መልሶ ያለፈው ሰው ብዙ ነው። ሥዕሉ ስህተት ነው። መነሻው ጀርመናዊው ዴቪድ ሄኒግ እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳተመው ጥናት ሲሆን፣ እሱ ያገኘው በምላስ ክፍሎች መካከል ያለ ጥቂት የስሜት መብለጥና ማነስን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዊን ቦሪንግ ይህን በመጽሐፉ ውስጥ በግራፍ ሲያቀርበው ልዩነቱ የገነነ መሰለ፤ አንባቢዎች የምላስ ካርታ አድርገው ወሰዱት። ቨርጂኒያ ኮሊንግስ እ.ኤ.አ. በ1974 ጉዳዩን እንደገና መርምራ ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን አሳየች። አምስቱም መሠረታዊ ጣዕሞች፣ ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 የለየው ኡማሚ የተባለው የሥጋና የመረቅ ጣዕም ጭምር፣ የጣዕም እምቡጥ ባለበት የምላስ ክፍል ሁሉ ይታወቃሉ።

ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በንጹሕ ማንኪያ ጨው ወስዶ ምላሱ ጫፍ ላይ ቢያደርግ ጨው ጨው ይለዋል። ስኳሩን ወደ ጎን ቢያደርገው ይጣፍጠዋል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በመጽሐፍ የኖረ ስህተት በአንድ ቁንጥር ጨው ይፈርሳል። ልጁ በዚያች ቅጽበት የሚማረው ስለ ምላሱ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈ ነገርም ሊመረመር እንደሚችል ይማራል። የተግባር ትምህርት ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው ክፍለ ጊዜ በተግባር ምን ይመስላል? በመስማት እንጀምር። ስድስት ባዶ ሃይላንድ ይሰበሰባል። ሁለቱ ውስጥ ጤፍ፣ ሁለቱ ውስጥ ሽምብራ፣ ሁለቱ ውስጥ ጠጠር በእኩል መጠን ይጨመራል። ውስጣቸው እንዳይታይ በጋዜጣ ይጠቀለላሉ፤ ክዳናቸው ጠብቆ ይታሸጋል። ልጆቹ እየነቀነቁ ጥንዱን ይፈልጋሉ። ጤፉ ይንሿሿል፣ ሽምብራው ይንኳኳል፣ ጠጠሩ ይንገጫገጫል። አንዷ ልጅ ሃይላንዱን ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ትነቀንቃለች፤ ሌላውን ታነሳለች፤ ታመነታለች፤ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። መምህሯ በዚህ ጊዜ መልሱን ባትነግራት ይመረጣል። «እስቲ ደግመሽ ስሚው» ማለት ይበቃል። ጥንዱን ስታገኝ ጋዜጣው ተገልጦ ታያለች፤ ልክ መሆኗን ዕቃው ራሱ ይነግራታል። «ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» ስትባል ደግሞ ቃል መፈለግ ትጀምራለች። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ማዳመጥ፣ ማነጻጸር፣ ማስታወስና አጥርቶ መናገር አብረው ይሠራሉ።

ለመዳሰስ ሦስት ሳፋ ይበቃል። በአንዱ ቀዝቃዛ፣ በሌላው የማያቃጥል ሞቅ ያለ፣ በመካከለኛው ለብ ያለ ውሃ ይደረጋል። ልጁ አንድ እጁን ቀዝቃዛው፣ ሌላውን ሞቃቱ ውስጥ አስገብቶ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን መካከለኛው ሳፋ ውስጥ ይከታል። ከቀዝቃዛው የወጣው እጅ ውሃው ይሞቃል ይላል፤ ከሞቃቱ የወጣው ይቀዘቅዛል ይላል። ውሃው አንድ ነው፤ እጆቹም የአንድ ልጅ ናቸው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ይህንኑ ነገር እ.ኤ.አ. በ1690 በወጣው መጽሐፉ አንስቶታል። የአምስት ዓመት ልጅ የሎክን ስም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ስሜቱ ነገሮችን ቀድሞ ከነበረው ጋር እያነጻጸረ እንደሚነግረው ግን በገዛ እጁ ያየዋል። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከልጁ አፍ የሚወጣውም ያን ጊዜ ነው።

ለማሽተት የኢትዮጵያን ጓዳ የሚያህል ማከማቻ ማግኘት ይከብዳል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የተቆላ ቡና በየስኒው ተደርገው በስስ ጨርቅ ይሸፈናሉ። ልጆቹ እያሸተቱ ስም ያወጣሉ፤ ስሙን የማያውቁት «የአያቴ ቤት ይሸታል» ሊሉ ይችላሉ፤ እሱም ትክክለኛ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ አክሰልና ሊንዳ በክ የሠሩትን ሥራ መሠረት አድርጎ ሳይንስ ዛሬ እንደሚለው፣ የሰው አፍንጫ ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉት። ከዚያ የአፍንጫና የምላስ ሥራ እንዴት እንደሚገናኝ ለማሳየት ካራሜላ ይታደላል። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲመጥጡት ጣፋጭነቱን ብቻ ያውቃሉ፤ አፍንጫቸውን ሲለቁ የብርቱካን ይሁን የአናናስ ወዲያው ይገለጥላቸዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ምግብ አልጣፍጥ የሚለውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያሻቸውም።

በርበሬስ? ልጆች ይህን ሳይጠይቁ አይቀሩም፤ መልሱም ያስደንቃቸዋል። የበርበሬ ማቃጠል ጣዕም አይደለም። በርበሬ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የሚቀሰቅሰው ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካን የሚነቃውን የነርቭ ተቀባይ ነው። ይህን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርቷል። በርበሬ የነካ እጅ ዓይንን ሲያሽ የሚያቃጥለውም ለዚሁ ነው፤ ዓይን ጣዕም አይቀምስም፤ ሙቀትና ሕመም ግን ይሰማዋል።

ፊደል ማስቆጠርም ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል። 33ቱ ፊደላት በየሰባት ቤታቸው ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ በትንሽ ሕፃን ዓይን ይህ ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም በአንዲት ጭረት ብቻ ይለያያሉ። አሸዋ በተነጠፈበት ትሪ ላይ በጣቱ «ለ»ን ጽፎ፣ ከዚያ «ሉ» ስትሆን ጭረቷ በየት በኩል እንደምትወጣ በጣቱ የተከተለ ልጅ ልዩነቱን በዓይኑም በእጁም ይይዘዋል። ተሳስቶ ቢጽፍ አሸዋው ይደለደላል፤ ደብተሩ ላይ ቀይ ምልክት አይወጣበትም። እርሳስ በወጉ መያዝ ላልቻለ ጣት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የተግባር ትምህርቱ ከክፍል ያለፈ ጥቅምም አለው። ሁሉም ልጆች የጤፉን ድምፅ ሲሰሙ አንዱ ምንም አይሰማም ካለ፣ መምህሯ ጉዳዩን ለወላጅ ማሳወቅ አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው አስቀድሞ ሊከላከሉት ከሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው፤ ያልታከመ የጆሮ መመርቀዝ አንዱ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ሲደክም ደግሞ ልጁ በሌላው እያየ ስለሚውል ማንም አያውቅበትም። አንዱን ዓይን ሸፍኖ ሥዕል የመለየት ጨዋታ ችግሩን ሊያጋልጠው ይችላል። ይህ ዓይነቱ ድካም በልጅነት ካልታከመ ዕድሜ በገፋ ቁጥር የመዳን ዕድሉ ይጠባል። በትራኮማ ሸክም ከዓለም ቀዳሚ በሆነች አገር የልጆችን ዓይን ቀርቦ የሚያይ መምህር ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሰነፍ፣ ፈዛዛ፣ የማይታዘዝ ተብሎ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ምናልባት የማይሰማ ወይም አጥርቶ የማያይ ይሆናል።

ዓይናቸውን ሸፍነው የጨርቅ ቁራጮችን በጣታቸው የለዩ ልጆች ማየት የተሳነው ጓደኛቸው በብሬል እንዴት እንደሚያነብ ለመረዳት ቅርብ ናቸው። ሉዊ ብሬል ስርዓቱን የሠራው ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። መስማት የተሳነው ጓደኛቸውም በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በእጁ እንደሚናገር ቢያዩ፣ ከማዘን ይልቅ ማክበርን ይለምዳሉ።

መምህራን ለዚህ ሁሉ የሚያነሱት ቅሬታ አለ፤ ቅሬታውም እውነተኛ ነው። አንዲት መምህርት ብዙ ልጆችን ለብቻዋ ይዛ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ውሃና አሸዋ እንዴት ትቆጣጠራለች? መልሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለማሠራት ነው። ልጆቹ በቡድን ተከፍለው አንዱ ቡድን በሃይላንዱ፣ ሌላው በማሽተቻው ስኒ፣ ሌላው በአሸዋው ትሪ ሲሠራ ቆይቶ ይቀያየራል። ሥራ የያዘ ልጅ ከተሰላቸ ልጅ ያነሰ ይረብሻል። ሆኖም ረዳት መምህርት የሌለበት ክፍል ይህን ሁሉ ይሸከማል ማለት አይቻልም፤ ረዳት መመደብ የትምህርት ቤቱና የትምህርት ቢሮው ግዴታ ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ሽምብራና ጠጠር በትናንሽ ልጆች አፍንጫና ጆሮ ውስጥ መግባት ይወዳሉ፤ ስለዚህ ዕቃው መታሸግ፣ መምህሯም አጠገባቸው መሆን አለባት። ለውዝና ወተት ከመቀመሱ በፊት የማይስማማው ልጅ እንዳለ ወላጅ ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ ማሽተትና መቅመስ የሚፈቀደው አዋቂ የሰጠው ነገር ብቻ እንደሆነ ልጆቹ በተደጋጋሚ መስማት አለባቸው። በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ በሚቀመጥበት ቤት የሚኖር ልጅ ይህን ማወቁ ሕይወቱን ያተርፍለታል።

አገሪቱ በወረቀት ላይ ወደዚህ አቅጣጫ ከዞረች ቆይታለች። የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ብዙም ሳይቆይ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ኦ» ክፍል የሚባለው የአንድ ዓመት ዝግጅት ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የቅድመ አንደኛን ትምህርት የሁለት ዓመት አድርጎታል። ወንበርና ክፍል መጨመሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ዓመት አንደኛ ክፍልን ቀድሞ መጀመር ከሆነ፣ ልጆቹ ያተረፉት አንድ ተጨማሪ የሽምደዳ ዓመት ነው።

ቤትም ትምህርት ቤት ነው። ቡና ሲቆላ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ ሲንጣጣ፣ ጢሱ ቤቱን ሲሞላው፣ ሙቀጫው ሲደልቅ ልጁ ከብረት ምጣዱ ራቅ ብሎ ተቀምጦ «አሁን ምን ሰማህ? ምን ሸተተህ?» ቢባል፣ ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚወስድ ትምህርት በአንድ አቦል ያልቃል። ሽሮ ሲነፋ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ እንጀራ ሲወጣም እንደዚሁ። ይህ የሚጠይቀው ገንዘብ የለም፤ ከስልክ ላይ የተነሳ ዓይንና ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የመዋዕለ ሕፃናት ዕጩ መምህራንን ሲያስመርቁ፣ ሃያ ልጆችን ይዘው በአሸዋ፣ በውሃና በማሽተቻ ስኒ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ መምራት መቻላቸውን በዓይን አይተው ይሁን። ርዕሳነ መምህራን መስከረም ከመግባቱ በፊት ለእያንዳንዱ የሕፃናት ክፍል ረዳትና አንድ ሣጥን ዕቃ ይመድቡ። ተቆጣጣሪዎችም ደብተር ከመቁጠር ይልቅ ክፍል ውስጥ ገብተው ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ ይመልከቱ። ወላጆችም አንድ ቀን የልጃቸው ደብተር ባዶ ሆኖ ቢያገኙት መምህሯን ከመውቀሳቸው በፊት ልጁን ይጠይቁት፤ እጁን ሦስት ሳፋ ውሃ ውስጥ ሲያስገባ ውሎ ከሆነ፣ የዚያን ቀን የትምህርት ቤት ክፍያ በሚገባ ሥራ ላይ ውሏል።